ሁለቱ የስእለት በጎች

የቀበሌው ጥሩምባ ሲነፋ አብተው የሚስቱን በግ ገፍፎ ከግራሩ ቅርንጫፍ ላይ ገና መስቀሉ ነበር። ጎረቤቱ ሀሰን ከግቢው ማዶ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር፣ የራሱን ሚስት በግ ሰቅሎ ሆድ ዕቃውን እያወጣ ነው። እሑድ ጠዋት የሚነፋው ጥሩምባ የስብሰባ ነው። ከስብሰባ የቀረ ሰው ከሕብረት ሱቅ ስኳር ሊያገኝ ቀርቶ ሰላምታም አያገኝም።

"ይኸው ጠሩን!" አለ ሀሰን እጁን እየታጠበ። "አንተስ አትነሣም?"

"እኔ የቁስለኛ አባት ነኝ። ሊቀመንበሩ ራሱ 'ዛሬ ከልጅህ ጋር ዋል' ብሎኛል።"

"ታደልክ! እኔ እስከ ቀትር መፈክር ሳሰማ ልዋል።" ሀሰን ቢላዋውን አጥቦ በጨርቅ ጠቀለለና ቤቱ አስቀምጦ በሩን ቆለፈ። ከግቢው ሊወጣ ሲል ዞር አለ። "ስማ አብተው፣ የእኔን አትንካው። ስመለስ ብልቱን የማወጣው እኔው ነኝ።"

"ምን ልነካው? የራሴ መች አነሰኝ!"

ሁለቱም በጎች የታረዱት ለአንድ ሰው ነው። የአብተው ልጅ ዘገዬ ወደ ምሥራቁ ጦር ግንባር ዘምቶ ድምፁ የጠፋ ጊዜ፣ እናቱ ሸዋወርቅ ማርያም ደጅ ተንበርክካ "ልጄን በሕይወት ካሳየሽኝ በግ አርጄ ነዳያንሽን አበላለሁ" ብላ ተሳለች። የሀሰን ሚስት መሪማ ልጅ አልወለደችም። ዘገዬ ድክ ድክ ማለት የጀመረው በእሷ ምንጣፍ ላይ ነው። እሷም ለብቻዋ ሰግዳ ስታበቃ ለአላህ ተሳለች። ከተሳለችም በኋላ ዝም ብላ አልተቀመጠችም፤ ጠቦት ገዝታ የሽንኩርት ቅጠልና የጎመን ግንጣይ እያበላች ማሳደግ ጀመረች። አንዳቸው የሌላዋን ስእለት አያውቁም ነበር። ዘገዬ በምርኩዝ እያነከሰ ከመኪና የወረደ ዕለት ተቃቅፈው ሲላቀሱ ነው የተነጋገሩት። እንግዲያው ስእለታችንን በአንድ ቀን እናግባ ተባባሉ፤ ያንቺ እንግዶች በአንቺ በኩል፣ የእኔ በእኔ በኩል።

አብተው ምንም አልተሳለም። ለምን ሲባል "እኔ ከማንም አልተጣላሁም፣ ማንንም አላስቸግርም" ይላል።

አብተው ጎሚስታ ነው። ከግቢው ፊት ለፊት፣ በትልቁ መንገድ ዳር፣ የመኪና ጎማ ይጠግናል። ከሻሸመኔ ድንች፣ ከመቂ ሽንኩርት የጫነ ሹፌር ሁሉ ደጁን ያውቀዋል። በጨዋታው ደግሞ የማይወደው የለም። ስለ ሃይማኖት ወሬ የተነሣ እንደሆነ "ቀዳዳ ቀዳዳ ነው። የክርስቲያን ቀዳዳ፣ የእስላም ቀዳዳ ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?" ብሎ ሰውን ሁሉ ያስቃል። የቀበሌው ካድሬ ይህን ሰምቶ በስብሰባ ላይ "ጓድ አብተው ከኋላ ቀር አመለካከት የተላቀቀ ሰው ነው" ብሎ አመሰገነው። አብተው ቤቱ ገብቶ ምስጋናውን ለሚስቱ ሲያወራላት፣ ሸዋወርቅ ምስር እየለቀመች ቀና አላለችም።

"የተላቀቀ ያለህስ ልክ ነው" አለችው።

እሱን የሚያስገርመው ሸዋወርቅ ራሷ ናት። አጽዋማቱን አንድ ሳታስቀር ትጾማለች፤ ሳታስቀድስ ውኃ አትቀምስም፤ የመሪማን ሥጋ ቢገድሏት አትበላም፤ መሪማም የእሷን። ነገር ግን ከማድ ቤቷ መደርደሪያ ላይኛው ረድፍ ላይ "የመሪማ ድስት" የሚባል አለ። ሥጋ ገብቶበት አያውቅም። መሪማ ቤቷ ስትመጣ ምስሩም ሽሮውም የሚሠራው በእሱ ነው። አንድ ጊዜ አብተው ያንን ድስት አውርዶ የዛገ ብሎን በናፍጣ ዘፈዘፈበት። "ድስት ድስት ነው" ቢላት ሳምንቱን ሙሉ ሳታናግረው ከረመች፤ ሌላ ድስትም ገዛች። መሪማም ባሏን ተከትላ መቂ በወረደች ቁጥር የቤቷን ቁልፍ የምትሰጠው ለዚህችው ለአክራሪዋ ሸዋወርቅ ነው፤ ለአብተው ሰጥታው አታውቅም። በቀልዱ ግን እንባዋ እስኪመጣ ትስቃለች። "የሴቶች ነገር" ይል ነበር አብተው፣ አልገባው ሲል።

ያን እሑድ ሸዋወርቅ ቅዳሴ ላይ ነበረች፤ መሪማም እንግዶቿን ለመጥራት ወጥታለች። ግቢው ውስጥ የቀሩት አባትና ልጅ ብቻ ናቸው። የግንቦት ፀሐይ ገና በጠዋቱ ከረረችና ዝንቡ ተነሣ። ከግቢው በላይ የሚዞሩት አሞሮች ዝቅ ዝቅ እያሉ ሄዱ። አንዱ ወደ ኒሙ ዛፍ ተወርውሮ ወረደና ከሀሰን ሥጋ ቁራጭ ቦጭቆ ሄደ።

አብተው ድንጋይ ወረወረበትና ሮጦ የሀሰንን በግ ከዛፉ አወረደ።

"አባዬ፣ ጋሽ ሀሰን አትንካ ብሎህ የለም እንዴ?" አለ ዘገዬ ከጥላው ሥር።

"አሞራው አልሰማውማ!"

ሁለቱንም በግ ተራ በተራ ተሸክሞ ዕቃ ቤት አስገባና የሙዝ ቅጠል ጎዝጉዞ ጎን ለጎን አጋደማቸው። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ደግ ነበር። ግን ሥራ የማይጠላ ሰው ነው፤ ለጓደኛውም ያዝናል። "እሱ እዚያ በመፈክር ደክሞ ይመጣል፣ ምናለ ላግዘው" አለና በአንድ ግንድ ላይ፣ በአንድ በራሱ ቢላዋ፣ የሁለቱንም ብልት ያወጣ ጀመር። ሥጋውን የሚያስቀምጥባቸው ሁለት ሳፋዎችም ሰማያዊ ናቸው፤ በዚያ ሰሞን ሕብረት ሱቅ የመጣው ሰማያዊ ሳፋ ብቻ ነበርና ናዝሬት ሁሉ በሰማያዊ ሳፋ ነው የሚታጠበው።

ገና ሳይጨርስ ከመንገድ በኩል የመኪና ጡሩምባ ጮኸ። ከሻሸመኔ የመጣ ሹፌር ነው፤ ድንች እንደጫነ የኋላ ጎማው ተንፍሷል። አብተው እጁን አለቅልቆ ወጣ። ጎማውን ፈታ፣ ከመነዳሪውን አወጣ፣ ነፋና ውኃ ውስጥ እየነከረ አረፋ የሚያወጣበትን ቦታ ፈለገ። ከግድግዳው ላይ ጠዋት አንድ የመቂ ሹፌር ጥሎት የሄደ ሌላ ከመነዳሪ ተሰቅሏል። ሁለቱ እንዳይሳሳቱበት የሻሸመኔውን ለጥፎ ሲጨርስ በጠመኔ "ሻ" ብሎ ጻፈበት፤ የመቂው ላይ "መ" የሚለው ከጠዋት ጀምሮ አለ። ይህን ሳይጽፍ የሰው ዕቃ አስቀምጦ አያውቅም። ሹፌሩን ሸኝቶ፣ እየዘፈነ ወደ ዕቃ ቤቱ ተመለሰ።

ቢላዋውን አነሣና ቆመ። ከሙዝ ቅጠሉ ላይ ታፋና ጎድን ተደባልቆ ተጋድሟል። የትኛው የማን ነው? በግራ በኩል ያስተኛው የሸዋወርቅን መሰለው። ቆይቶ ደግሞ የለም፣ በግራ ያስተኛው የሀሰንን ነው አለ። ሳፋዎቹን አያቸው፤ ሁለቱም ሰማያዊ፣ ሁለቱም ሥጋ። ራሱን አከከና "እንግዲህ ምን ይደረጋል" ብሎ የቀረውን ቆራርጦ አካፈለው። አብተው አድልዎ የማይወድ ሰው ስለሆነ፣ አንዱ ሳፋ በዝቶ ቢያየው እኩል እንዲሆን ከእሱ ላይ አንሥቶ ወደ ሌላው ጨመረ።

ዘገዬ ምርኩዙን ተደግፎ በሩ ላይ ቆሟል።

"አባዬ፣ የእማ መሪማ የትኛው ነው?"

"ሁለቱም ያንተ ነው። በአንተ ስም አይደል የታረዱት?"

"አትቀልድ። የትኛው ነው?"

አብተው ወደ አንዱ ሳፋ ጠቆመ። እጁ ግን አየር ላይ ትንሽ ዋለለ፤ ልጁም አይቶታል።

"አታውቀውም" አለ ዘገዬ።

"ባላውቀውስ? በግ በግ ነው! አንዱ ከሌላው በጣዕም ይለያል? ጦር ሜዳ ደርሰህ መጥተህ ሥጋ ትመርጣለህ?"

"እዚያማ ያገኘሁትን በልቻለሁ፤ አልዋሽህም። ግን እነሱ እዚህ ሆነው ስለ እኔ ሲለምኑ፣ እያንዳንዳቸው በሚያውቁት መንገድ ነው የለመኑት።" ልጁ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አልናገርብህም፣ አባቴ ነህ። ግን ከዚህ ሥጋ አልበላም።"

አብተው ሳፋዎቹን በሙዝ ቅጠል ሸፈናቸው።

ብዙም ሳይቆይ ሸዋወርቅ ነጠላዋን እንዳጣፋች፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የጠራቻቸውን ነዳያን አስከትላ ገባች። መሪማም ከሰፈሯ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ጋር ደረሰች። በአንዱ ጥግ የሸዋወርቅ፣ በሌላው ጥግ የመሪማ እሳት ነደደ። እንግዶቹ በየጥላቸው ተቀመጡ፤ ግቢው በሰላምታ ሞላ። ሴቶቹም ሳፋ ሳፋቸውን ሊወስዱ ዕቃ ቤት ገቡ።

"ሀሰን ሳይመጣ ብልቱን ማን አወጣው?" አለች መሪማ።

"እኔ ነኝ" አለ አብተው። "አሞራ መጣበትና አስገባሁት።"

መሪማ ልትጠይቀው ያሰበችው ነገር ነበረ፤ ከንፈሯ ተንቀሳቅሶ ተወችው። ሀያ ዓመት አንድ ግቢ የኖረን ሰው በምን ቢላዋ ቆረጥክ ማለት ከብዷት ይሆናል። "አንተም ደክመሃል። አላህ ጤና ይስጥህ፣ ልጅህን ይማርልህ" አለችውና አብተው የጠቆማትን ሳፋ ተሸክማ ወጣች።

ምርቃቱ ከበደው። ስድብ ቢሆን ይውጠው ነበር። ቀስ ብሎ ወጥቶ ወደ ጎማ መጠገኛው ሄደና በርጩማው ላይ ቁጭ አለ። ማንም አያውቅም። ዘገዬም አይናገርም። እነሱ በየእምነታቸው አመስግነው ይበላሉ፣ ይመራረቃሉ፣ ቀኑ ያልፋል። ማንን ይጎዳል? ሥጋው ያው ሥጋ ነው።

ቀና ሲል ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ከመነዳሪ አየ። "መ" ይላል፣ በራሱ የእጅ ጽሕፈት። የመቂው ሹፌር ሲመለስ የሌላ ሰው ከመነዳሪ ሰጥቶት "ያው ጎማ ነው፣ አየር ይይዛል" ቢለው ምን ይለዋል? ይህን እንኳን ሊያደርገው አስቦት አያውቅም። ሰውዬው በዚያ ጎማ ላይ ሕይወቱን ጭኖ እንደሚሄድ ያውቃላ! የሻሸመኔን ከመቂ ለመለየት ጠመኔ ከኪሱ የማይለየው ሰው፣ ሀሰን አትንካው ብሎት የሄደውን በግ በምን ለየው? በምንም። ግድ ስላልሰጠው። ይህን ሁሉ ዓመት አክባሪ ነኝ ሲል የኖረው፣ ለካ ነገሩ ስለማይከብደው ብቻ ኖሯል። አፈረ። እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

ከመንገዱ ማዶ ሀሰን ከስብሰባው ሲመለስ አየውና ተነሣ። ሁለቱ አብረው ወደ ግቢው ገቡ። መሪማ ቀይ ሽንኩርቱን አቁላልታ ሥጋውን ልትጨምር ጭልፋ ይዛለች።

"መሪማ፣ አትጨምሪው!" አለ አብተው። ድምፁ ካሰበው በላይ ጮኾ ነበርና ሰው ሁሉ ዞረ። "አንቺም ሸዋወርቅ፣ ተይው። ደባልቄዋለሁ።"

"ምኑን?" አለች ሸዋወርቅ።

"ሥጋውን። በአንድ ቢላዋ፣ በአንድ ግንድ ላይ ነው የቆረጥኩት። ከዚያ መኪና መጣ… ስመለስ የማን የትኛው እንደሆነ አላወቅኩም። እኩል አካፈልኩት።"

መሪማ ጭልፋውን አስቀመጠች፤ እጇን በቀሚሷ ጠራረገች፣ ደግማ ጠራረገች።

"አትንካው ብዬህ ነበር እኮ" አለ ሀሰን ቀስ ብሎ።

"ነበር። እኔ እኮ ክፋት አላሰብኩም፣ ሀሰን። ለእኔ እናንተም እኛም አንድ ነን፤ ልዩነት አይታየኝም።"

"ለአንተ አይታይህም" አለች መሪማ። እንባዋ መጥቷል። "ለእኔ ይታየኛል። ለሸዋወርቅም ይታያታል። ስለሚታያት እኮ ነው ድስት የምትለይልኝ! ያንን በግ ከእጄ እያበላሁ ነው ያሳደግኩት። ያ አላህ፣ ያንን ልጅ መልስልኝ እያልኩ ነው ያሳደግኩት።" ሸዋወርቅ ሄዳ ትከሻዋን ያዘቻት።

አብተው የሚያስተካክለው ነገር ፈለገ። ዓይኑ ከነዳያኑ ላይ አረፈ። "ለእነሱ ይሰጥ እንግዲህ። ለተራበ ሰው ሁሉም አንድ ነው።"

"ስለ ደኸዩ ሃይማኖታቸውንም የሸጡ መሰለህ?" አለች ሸዋወርቅ። ከነዳያኑ አንዱ፣ ዓይነ ስውሩ ሰንበታ፣ "እግዜር ይስጥሽ፣ እመቤቴ" አለ ከተቀመጠበት። ሸዋወርቅ ባሏን ትኩር ብላ አየችው። "አንድ ነገር ልጠይቅህ። የእኔን ስታርድ በስመ አብ ብለሃል?"

አብተው ጠዋት ቢላዋውን ሲያሳርፍ ለሀሰን ስለ አንድ ሰካራም ሹፌር እያወራለት ነበር። ሀሰን የራሱን ሊያርድ ሲል ግን እጁን አንሥቶ "አንድ ጊዜ ዝም በልልኝ" እንዳለው ትዝ አለው። ዝም አለለት፤ ሀሰን ቢስሚላሂ ብሎ አረደ። እሱን ግን ዝም በል ያለው አልነበረም።

"አላልኩም" አለ።

"እንግዲያው የእኔም አልታረደም" አለች ሸዋወርቅና ከዚያ በኋላ ወደ እሱ አልተመለከተችም። ማድ ቤት ገብታ ከላይኛው መደርደሪያ የመሪማን ድስት አወረደች። መሪማም ዓይኗን ጠርጋ ከቤቷ ምስርና ዘይት አመጣች። በዚያ ቀን እንግዶቹ ሁሉ፣ የዚህም የዚያም ወገን፣ ከዚያ ድስት ምስር ወጥ በሉ። ዘገዬም በላ። ሥጋውን ሀሰንና አብተው ከከተማው ዳር ወስደው ለውሻና ለአሞራ ጣሉት። ሀሰን በመንገድ ላይ አንድ ቃል አልተናገረም። ሲመለሱ ብቻ፣ ከግቢው በር ሲደርሱ፣ "ማል ጎና፣ አብተው" አለ፤ ምን እናድርግ እንግዲህ፣ እንደማለት ነው። ያቺ ቃል ለአብተው ከምግብ ተሻለችው።

በሳምንቱ ውስጥ አብተው የሚወዳትን ሬዲዮኑን ሸጠና ከሀሰን ጋር ወለንጪቲ ገበያ ሄዶ ሁለት በግ ገዛ። ነጩን ለሸዋወርቅ አሰረላት። የጥቁሩን ገመድ ይዞ መሪማ ደጅ ቆመ።

"ስእለቱ የእኔ ነው፣ አንተ ልትከፍልልኝ አትችልም" አለችው።

"አውቃለሁ። እኔ የበላሁብሽን በግ ነው የመለስኩት። ስእለቱ ያንቺ ነው።"

መሪማ ትንሽ አሰበችና ገመዱን ተቀበለችው።

እሑድ ማለዳ ሸዋወርቅ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዷ በፊት ቢላዋውን ወደ ባሏ ዘረጋችለት። አብተው አልተቀበለም።

"ዘገዬ ይረድልሽ" አለ። "እሱ ከልቡ ይለዋል። እኔ በአፌ ብቻ ብለው ያው ማታለል ነው የሚሆንብኝ።"

ትቆጣኛለች ብሎ ሲጠብቅ፣ ሚስቱ ትክ ብላ አየችው። የጎማ ቀለም የጠገበ ኮሌታውን አስተካከለችለትና ቢላዋውን ለልጇ ሰጠች። ዘገዬ ምርኩዙን ግራሩ ላይ አስደግፎ፣ ወደ ምሥራቅ ዞሮ፣ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ ብሎ አረደ። ሀሰንም የራሱን በራሱ ቢላዋ አረደ፤ ገፍፎም ከኒሙ ላይ ሰቀለው። ሁለቱም እስኪጨርሱ አብተው አፉን አልከፈተም፤ ለእሱ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ጥሩምባው ተነፋ።

"እነዚህ ሰዎች ቀጠሮ ይዘውብኛል ልበል!" አለ ሀሰን። እጁን ታጥቦ፣ ሥጋውን አየ፣ አብተውን አየ። መሪማም እንግዶቿን ለመጥራት ሻሿን እያሰረች ከደጇ ብቅ ብላለች።

"ልጠብቀው?" አለ አብተው።

ሀሰን ወደ ሚስቱ ዞረ። እሷም ሻሿን አስራ ጨረሰች።

"ጠብቀው" አለች።

አብተው በርጩማውን ከኒሙ ሥር አስቀመጠ፤ ረጅም ዱላ ያዘና ሥጋውን ሳይነካ፣ ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ ተቀመጠ። ፀሐይዋ ከረረች። አሞሮቹ መጡ፤ ዝቅ ሲሉ ተነሥቶ ዱላውን ያወናጭፋል፣ ሲርቁ ይቀመጣል። ዘገዬ ከጥላው ሥር ሆኖ እያየው ሳቁ ያመልጠዋል።

ከመንገድ በኩል ጡሩምባ ጮኸ። አብተው አልተነሣም። ደግሞ ጮኸ። ጥቂት ቆይቶ የመቂው ሹፌር የግቢውን በር ገፋ አድርጎ አንገቱን አስገባ።

"ጋሽ አብተው! ጎማ ይዤ ነው እኮ፣ ሽንኩርቱ ሊበሰብስብኝ ነው!"

"ጠብቅ" አለ አብተው፣ ዓይኑን ከአሞራው ሳያነሣ። "የሰው አደራ ይዣለሁ።"